የገበያው መስቀለኛ መንገድ፦ መብራቱ ይቆይ ወይስ አደባባይ ይሠራ?

የተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች፣ አባቶችና እናቶች፣ የባጃጅና የጋሪ ማኅበራት ተወካዮች፣ የትራፊክ ፖሊስ አባላት፣ የከተማ አስተዳደሩ ኃላፊዎች፣ እንደምን አደራችሁ።

ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደጀን በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው ዋና መንገድ በከተማችን ከገበያው መንገድ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ያለው የትራፊክ መብራት ተነሥቶ አደባባይ ይሠራ ወይስ መብራቱ ይቆይ በሚለው ጉዳይ ላይ ነው። በመንገድ ምሕንድስና ሥራ የቆየሁ ሰው ነኝ፤ በዚሁ መስቀለኛ መንገድ በየጠዋቱ የልጆቼን እጅ ይዤ የምሻገር ነዋሪም ነኝ። አቋሜን ከመጀመሪያው ላስቀምጠው። አደባባዩ ይሻለናል ብዬ አምናለሁ፤ ይህን የምለው ግን ባለ አንድ መሥመር ሆኖ ከተሠራ፣ የእግረኛው መሻገሪያ አብሮ ከታነጸና የገበያ ቀን ቆጠራ ይህንኑ ካረጋገጠ ብቻ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ መብራቱን አስተካክሎ ማቆየት ይበልጣል።

ባለፈው የገበያ ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ በማእዘኑ ላይ ቆሜ ስመለከት ነበር። አንድ ባለጋሪ የሚያየው የራሱን መብራት ሳይሆን የጎኑን መንገድ መብራት መሆኑን አስተዋልሁ። የዚያኛው ቢጫ ሲሆን ልጓሙን ላላ አድርጎ ፈረሱን ያነሣሣል፤ የእርሱ አረንጓዴ እስኪበራ ፈረሱ ሁለት እርምጃ ተራምዷል። የጤፍ ጆንያ የተጫነበት ጋሪ ከቆመበት ለመነሣት ጊዜ እንደሚፈልግ፣ የመብራቱ ሰዓት ሲሞላም ይህ እንዳልታሰበ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። ከጋሪው ኋላ አምስት ባጃጆችና አንድ አይሱዙ ተሰልፈው ነበር፤ ሁለት ባጃጆች እንዳለፉ ቀይ በራ።

ጥቂት ቆይቶ ኤሌክትሪክ ጠፋና መብራቱም አብሮ ጠፋ። አራቱም አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ወደ መሐል ገባ። ዘንቢል ያንጠለጠሉ አንዲት እናት ዜብራው አጋማሽ ላይ ደርሰው ነበር፤ ወደፊት እንዳይሄዱ ተሳቢ መኪና ፊታቸውን ዘጋው፣ ወደኋላ እንዳይመለሱ ባጃጆቹ ቀድመው ሞሉት። ትራፊክ ፖሊሱ ሮጦ መሐል ገብቶ በፊሽካ እስኪያስቆምላቸው ድረስ በዚያው ቆሙ። ኤሌክትሪክ በጠፋ ቁጥር ሥርዓቱ አብሮ የሚጠፋ መስቀለኛ መንገድ እንዳለን ከዚህ በላይ የሚያሳየን አያስፈልግም፤ አደባባይ ደግሞ የሚሠራው ያለ ኤሌክትሪክ ነው።

ነገር ግን ለአደባባይ የሚቆመው ዋናው ምክንያት ኤሌክትሪኩ አይደለም፤ የግጭቱ ዓይነት ነው። አራት አቅጣጫ ባለው ተራ መስቀለኛ መንገድ ላይ የተሽከርካሪዎች መሥመር እርስ በርሱ የሚገናኝባቸው፣ ግጭት ሊደርስባቸው የሚችሉ 32 ነጥቦች አሉ፤ በባለ አንድ መሥመር አደባባይ ግን 8 ብቻ ናቸው። ከቁጥሩ በላይ ልብ የሚባለው የቀሩት ስምንቱ ምን ዓይነት እንደሆኑ ነው። በመብራት ቀዩን ጥሶ የሚያልፍ መኪና ሌላውን ወገቡ ላይ ይመታዋል፤ ወደ ግራ የሚታጠፈውም ከፊት ለፊቱ ከሚመጣው ጋር ይላተማል። በአደባባይ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ስለሚዞር ግጭት ቢደርስም የጎን መተሻሸት ይሆናል፤ የመንገዱ መጠምዘዝ ራሱ ሾፌሩን በሰዓት ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲቀንስ ያስገድደዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ለሞት የሚዳርግ አደጋ በ4 በመቶ ያህል ይጨምራል። በአሜሪካ መብራት የነበረባቸው መገናኛዎች ወደ አደባባይ ሲለወጡ ጉዳት የሚያደርሱ አደጋዎች በ78 በመቶ ያህል መቀነሳቸው በጥናት ታይቷል። ይህ ቁጥር እንዳለ ለእኛ ይሠራል አልልም፤ በዚያ ጋሪና ጭነት አህያ የሉምና። የቀነሰበት ምክንያት፣ ማለትም የፍጥነቱ ዝግታና የመገናኛው ማእዘን፣ ግን በጎጃምም ያው ነው።

አሁን ወደ አቅሙ ልምጣ፤ ክርክሩ የሚበዛው እዚህ ላይ ነውና ጥቂት ቁጥር እንድትታገሡኝ እለምናለሁ። አራቱን አቅጣጫ በየተራ የሚለቅ መብራት አንዱን ዙር በ80 ሴኮንድ ይጨርሳል እንበል። ተራው በተቀያየረ ቁጥር 4 ሴኮንድ ያህል ይባክናል፤ በአንድ ዙር 16 ሴኮንድ ማንም ሳያልፍበት ሄደ ማለት ነው። የቀረው 64 ሴኮንድ ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 16 ሴኮንድ ይደርሰዋል። ሳይቋረጥ አረንጓዴ ቢሆንለት በሰዓት 1,900 መኪና ሊያሳልፍ የሚችል አንድ መሥመር በዚህ አከፋፈል 380 ብቻ ያሳልፋል። በአደባባይ ደግሞ የሚገባው መጠን የሚወሰነው በፊቱ በሚዞረው ብዛት ነው። በአሜሪካ የመንገድ አቅም ማስሊያ ቀመር መሠረት በሰዓት 400 መኪና ሲዞር ከአንድ አቅጣጫ 900 ገደማ ይገባል፤ የሚዞረው 1,000 ሲደርስ ግን የሚገባው ወደ 500 ይወርዳል። ከዚህ የምንረዳው ጭነቱ መካከለኛ ሆኖ በአራቱም አቅጣጫ ሲመጣጠን አደባባዩ እንደሚያሸንፍ፣ አንዱ አቅጣጫ ብቻውን ሲበረታ ደግሞ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው መግቢያ በር አጥቶ እንደሚቆም ነው። የእኛ ሥጋት ይኸው ነው። ከደጀን የሚመጣው የተሳቢ ሰልፍ ካልተቋረጠ ከገበያው የሚወጣው ባለጋሪ መቼ ይገባል? ስለዚህ ቆጠራው ስንት መኪና አለፈ የሚለውን ብቻ ሳይሆን፣ ከየት መጥቶ ወዴት ታጠፈ የሚለውንም መያዝ አለበት። ተሳቢው እንደ ሁለትና ከዚያ በላይ መኪና፣ ባጃጁ ከአንድ መኪና በታች ሆኖ ይሰላል። የጋሪውን ሚዛን ከውጭ መመሪያ አናገኘውም፤ እዚሁ በሰዓት መያዣ ለክተን ማግኘት አለብን። ስሌቱ በማንኛውም መግቢያ ላይ ከአቅሙ 85 በመቶ በላይ ጭነት ካሳየ ከእናንተ በፊት አደባባዩን የምቃወመው እኔ ነኝ።

አዲስ አበባ አደባባዮቿን እያፈረሰች በመብራት ስትተካ እኛ ለምን ወደኋላ እንሄዳለን የሚል ጥያቄ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በዚያ የፈረሱት ብዙ መሥመር ያላቸው ሰፋፊ አደባባዮች ሲሆኑ፣ የመኪናው ብዛት ከሚችሉት በላይ ሆኖባቸው ነበር። የእኛው ሥራ የራሳችንን መጠን መለካት ነው። ሌላም ምሥጢር አለ። ብሪታንያ በ1966 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ቅድሚያ በአደባባዩ ውስጥ ላለው ይሁን የሚል ደንብ እስክታወጣ ድረስ፣ የገባው መውጣት እያቃተው አደባባዮች ራሳቸውን በራሳቸው ይቆልፉ ነበር። የእኛም የመንጃ ፈቃድ ትምህርት ይህንኑ ደንብ ያስተምራል፤ በተግባር ግን አፍንጫውን ያስቀደመ ይገባል። ስለዚህ አደባባዩ ከተሠራ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየመግቢያው ትራፊክ ፖሊስ ቆሞ፣ የሚዞረውን ሳይሆን የሚገባውን እንዲያስቆም ከወዲሁ አሳስባለሁ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እግረኛው ነው። 14 ሜትር ስፋት ያለውን አስፋልት በሴኮንድ 0.8 ሜትር የሚራመዱ አንድ አዛውንት ለመሻገር 17 ሴኮንድ ተኩል ይፈጅባቸዋል፤ ቅድም ያሰላሁት አረንጓዴ 16 ነበር። በአደባባይ መግቢያና መውጫው በደሴት ስለሚለያይ በአንድ ጊዜ የሚሻገሩት 5 ሜትር ገደማ ነው፤ በ6 ሴኮንድ ደርሰው ደሴቱ ላይ ያርፋሉ፤ ቀጥለውም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ተመልክተው ቀሪውን ያልፋሉ። ይህ የሚሆነው ግን ዜብራው ከክቡ አንድ መኪና ያህል ወደኋላ ርቆ ከተቀባና ከአስፋልቱ ከፍ ተደርጎ ከተሠራ ነው። ዐይነ ስውር ወገኖቻችን መኪና መቆሙን የሚነግራቸው መብራት ስለማይኖር፣ የመሻገሪያው መነሻ በእግርና በበትር የሚለይ ሸካራ ንጣፍ ያስፈልገዋል። የገበያ ቀን ሰው እንደ ወንዝ ሲፈስም መኪናው ከክቡ መውጣት አቅቶት አደባባዩ ሊዘጋ ይችላልና በዚያን ቀን አሳላፊ ፖሊስ መመደቡ አይቀርም።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። በአማርኛ አደባባይ ስንል መኪና የሚዞርበትን ብቻ አይደለም፤ ሕዝብ የሚወጣበትን፣ ደመራ የሚደመርበትን፣ ሰው የሚገናኝበትን ቦታም ነው። ከዚህ የተነሣ መሐሉ ላይ ሐውልት ይቁም፣ መቀመጫ ይደርደር፣ ፎቶ ማንሻ ይሁን የሚሉ አሳቦች ቀርበዋል። ለከተማችን ውበት ከመቆርቆር የመጡ ናቸውና አከብራቸዋለሁ፤ ሆኖም አልቀበላቸውም። ሰውን ወደ መሐል የሚጠራ ነገር ሁሉ መሻገሪያ በሌለበት አስፋልት ላይ ያራምደዋል። መሐሉ በሣርና በቁጥቋጦ ከፍ ብሎ ሾፌሩ ከሩቅ እንዲያየው ይሁን፤ ሐውልቱ ግን ሰው በሰላም በሚቆምበት በመንገዱ ዳር ይቁም።

ስለ ተሳቢዎቹ የተነሣው ሥጋት መልስ አለው። በመሐሉ ክብ ዙሪያ ጥቂት ከፍ ያለ የድንጋይ ንጣፍ ይደረጋል፤ ረጅሙ መኪና ሲታጠፍ የኋላ ጎማው በዚያ ላይ ይወጣል፣ ትንሹ መኪና ግን ስለሚያንገጫግጨው አይደፍረውም። የባለ አንድ መሥመር አደባባይ የውጭ ክብ ወርድ ከ27 እስከ 55 ሜትር ይደርሳል፤ ተሳቢ ለሚያልፍበት እንደኛ ያለ መንገድ ወደ ላይኛው መጠን መጠጋት ይኖርበታል። ይህም በማእዘኑ ካሉት ሱቆች የአንዳንዶቹን በር ይነካልና፣ ካሳው ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት ተከፍሎ እንዲያልቅ እጠይቃለሁ። የክረምቱ ጎርፍም ወደ መሐል ሳይሆን ወደ ዳር ቦይ እንዲወርድ ተዳፋቱ ወደ ውጭ ይሁን።

የማቀርበው ጥያቄ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሲሚንቶ ከመፍሰሱ በፊት ክቡ በቀለምና አሸዋ በተሞሉ በርሜሎች ተሠርቶ፣ ቢያንስ አራት የገበያ ቀኖችንና ጥቂት የዝናብ ቀናትን እያየን እንድንሞክረው አስተዳደሩ ይፍቀድ። መብራቱ ሙከራው እስኪያልቅ አይነቀል፤ ይሸፈን። ሁለተኛ፣ ከዚያ በፊት በሚደረገው ቆጠራ ላይ በየአቅጣጫው ሦስት፣ በጠቅላላው 12 ወጣቶች ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ተሽከርካሪውን፣ አንዱ መታጠፊያውን፣ አንዱ እግረኛውን በየ15 ደቂቃው ይመዘግባል። የጋሪ ማኅበሩም ጋሪ ከቆመበት ተነሥቶ አደባባይ እስኪገባ የሚፈጅበትን ጊዜ የምንለካባቸው ሁለት አባላቱን እንዲሰጠን እለምናለሁ። ቆጠራው በሚመጣው የገበያ ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ይጀመራል፤ ስም የሚመዘግበው ሰው አሁን በአዳራሹ በር ላይ ተቀምጧል።