የችፌ ማሳከክ፦ ቅባቱን የት፣ መቼና ምን ያህል?

[ምስል፦ የክርን መታጠፊያ፣ የደረቀና የጠቆረ ቆዳ]

ችፌ ወይም ኤክዜማ ያለበት ሰው ሌሊቱን ያውቀዋል። ቀን በሥራ የተረሳው ማሳከክ ጋደም ሲሉ ይነሳል። ያክካል፣ ለጊዜው እፎይ ይላል። ጠዋት አንሶላው ላይ ደም ያገኛል።

የችፌ ቆዳ እርጥበቱን አይዝም። ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል። በስንጥቁ የሚገባው ሳሙና፣ አቧራና ጀርም ቆዳውን ያስቆጣዋል፤ ያኔ ማሳከክ ይጀምራል። ስናክክ ቆዳው ይብስ ይላጣል፣ ማሳከኩም ይጨምራል። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው የአለርጂ ክኒን ነው። ክኒኑ የሚያግደው ሂስታሚን የሚባለውን የሰውነት ኬሚካል ሲሆን የችፌን ማሳከክ በዋናነት የሚያመጡት ግን ሌሎች ኬሚካሎች ናቸው። ስለዚህ እንቅልፍ ቢያመጣም ማሳከኩን እምብዛም አያስታግስም።

ማሳከኩ እንዲቆም ቆዳው ውስጥ ያለው ብግነት፣ ማለትም መቆጣቱ፣ መብረድ አለበት። ይህን የሚያደርገው ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ነው። ጉልበቱ ይለያያል። 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን ለስላሳ ነው። ቤታሜታዞን ጠንከር ይላል። ክሎቤታሶል ከሁሉም ይበረታል።

[ምስል፦ ከሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የተዘረጋ ክሬም]

ምን ያህል እንቀባ? በአዋቂ ሌባ ጣት ላይ፣ ከጫፉ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የሚደርስ ክሬም ግማሽ ግራም ገደማ ነው። ይህ ጣቶችን ጨምሮ የሁለት መዳፍ ስፋት ላለው ቆዳ ይበቃል። ለአንድ ሙሉ ክንድ ሦስት እንዲህ ያለ ልክ ያስፈልጋል። ሁለቱም ክንዶች ሙሉ በሙሉ ከተጠቁ፣ በቀን አንዴ እየተቀባ 15 ግራሙ ቲዩብ በአምስት ቀን ያልቃል። አንዱን ቲዩብ ለወራት እየቆጠቡ የሚጠቀሙ ሰዎች «አልሠራልኝም» ማለታቸው አይገርምም።

ብዙዎች የሚቆጥቡት ከፍርሃት ነው። ስቴሮይድ ቆዳ ያሳሳል ሲባል ሰምተዋል። እውነት ነው፤ ግን የሚያሳሳው ጠንካራውን ቅባት ያለ ሐኪም ክትትል ለረጅም ጊዜ፣ በተለይ ፊት፣ ብብትና ብሽሽት ላይ መጠቀም ነው። ለትክክለኛው ቦታ በተመረጠ ቅባት፣ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ሻካራነቱና ማሳከኩ እስኪጠፋ ድረስ መቀባት ሌላ ነገር ነው። ክሎቤታሶል ግን በተከታታይ ከሁለት ሳምንት ማለፍ የለበትም።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይኸው ክሎቤታሶል ፊት ለማቅላት መዋሉ ነው። ከመዋቢያ ጋር ተደርድሮ ይሸጣል፣ ጓደኛ ለጓደኛ ይሰጠዋል። ፊቱ መጀመሪያ ይጠራል። ቆይቶ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥር ይታያል፣ ብጉር ይወጣል። ሲያቆሙት ደግሞ ያቃጥላል። እባካችሁ፣ እህቶቼ፣ ይህን ቅባት ፊታችሁ ላይ አታድርጉ። ፊትና የዓይን ቆብ ላይ ለሚወጣ ችፌ ሐኪም ታክሮሊመስ የሚባል፣ ስቴሮይድ የሌለበት ቅባት ሊያዝ ይችላል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያቃጥላል፣ ቆዳ ግን አያሳሳም።

በጥቁርና በጠይም ቆዳ ላይ ችፌ ቀይ ሆኖ ላይታይ ይችላል። ጠቆር ወይም ግራጫ መስሎ ይወጣል። ከዳነም በኋላ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ምልክቱ በስቴሮይድ አይጠፋም፤ በወራት ውስጥ ራሱ እየደበዘዘ ይሄዳል። ቆዳው ከለሰለሰና ማሳከኩ ካቆመ፣ ምልክቱን ለማጥፋት ብላችሁ መቀባቱን አትቀጥሉ።

[ምስል፦ የቫዝሊን ዕቃ]

የቆዳ ማለስለሻ ቅባት ግን ቆዳው ሲሻለውም አይቋረጥም። ሽታ የሌለው ቫዝሊን ይበቃል። ለብ ባለ ውሃ ታጥባችሁ፣ ቆዳው ገና እርጥብ እያለ ተቀቡ። ከስቴሮይዱ ቅባት ጋር ግን አትደባልቁት፤ በመካከል 20 ደቂቃ ያህል ይቆይ። የልጆችን ጥፍር አሳጥሩ።

ያሳከከ ሁሉ ችፌ አይደለም። ክብ ሆኖ ዳር ዳሩ የሚሰፋው ጭርት ሊሆን ይችላል፤ ስቴሮይድ ለጊዜው ያስታግሰውና ውስጥ ውስጡን ያስፋፋዋል። ቤት ውስጥ ሁሉም ማከክ ከጀመረ፣ በተለይ በጣቶች መካከልና ሌሊት ከሆነ፣ እከክን ጠርጥሩ። ሕክምናው ሌላ ነው፤ የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይታከማል።

ችፌው መግል ከያዘ ወይም ቢጫ ቅርፊት ካወጣ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ትኩሳት ከመጣ፣ ወይም ትንንሽ የሚያሙ ውኃ የቋጠሩ ነገሮች በአንድ ላይ ከወጡ፣ በተለይ ሕፃን ላይ ከሆነ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።