ከ1947 ጀምሮ ስሙን ያልቀየረው የዋሽንግተን ቴሌቪዥን ጣቢያ

(ስክሪን ላይ፦ የቻናል 5 ሥርጭት፣ ግርጌው ላይ ደቃቅ ጽሑፍ)

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የምትኖሩ ከሆነ ቻናል 5ን ክፈቱና ሰዓቱ ሊሞላ ሲል የስክሪኑን ግርጌ ተመልከቱ። ለጥቂት ሴኮንድ ብቅ ብላ የምትጠፋ ጽሑፍ አለች፦ «ደብሊው ቲ ቲ ጂ፣ ዋሽንግተን»። ሰው ሁሉ ጣቢያውን «ፎክስ 5» ይለዋል። ፈቃዱ ላይ የሰፈረው ስም ግን እነዚህ አራት ፊደላት ናቸው፤ ከ1947 ወዲህም ማንም አልነካቸውም። በዚህ ቪዲዮ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጽሑፏን የሚያስገድደው ኤፍ ሲ ሲ የሚባለው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ነው። ማንኛውም ጣቢያ ሥርጭት ሲጀምር፣ ሲዘጋ፣ እንዲሁም በየሰዓቱ የጥሪ ፊደላቱን፣ ወዲያው አስከትሎም ፈቃድ የተሰጠበትን ከተማ ማሳወቅ አለበት። ቴሌቪዥን በድምፅም በጽሑፍም ማድረግ ይችላል። በፊደላቱና በከተማው ስም መካከል መግባት የሚፈቀድለት የባለፈቃዱ ስም፣ ፍሪኩዌንሲው፣ የቻናል ቁጥሩ ወይም ጣቢያው የሚያስተላልፈው ኔትወርክ ስም ብቻ ነው። መፈክር መሃል ላይ ከተሰነቀረ ደንቡ ተጣሰ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ፊደል የሚመጣው ከዓለም አቀፍ ድልድል ነው። ኢትዮጵያ ኢ ቲ ደርሷታል፤ በ1963 ከአዲስ አበባ ሥርጭት የጀመረው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ኢ ቲ ኤል ኤፍ የተባለውም ለዚህ ነው። አሜሪካ ለብሮድካስት ኬ እና ደብሊው ትጠቀማለች፦ ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምዕራብ ኬ፣ በስተምሥራቅ ደብሊው። እንደ ፒትስበርጉ ኬ ዲ ኬ ኤ ያሉ ከደንቡ የሚቀድሙ ጥቂት ጣቢያዎች ከዚህ ይወጣሉ።

(ስክሪን ላይ፦ 4፣ 5፣ 7፣ 9)

አሁን አራቱን ነባር የዋሽንግተን ቻናሎች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ቻናል 4 በ1947 ሲከፈት ደብሊው ኤን ቢ ደብሊው ነበር፤ በ1954 ከእህቱ ራዲዮ ጋር እንዲመሳሰል ደብሊው አር ሲ ተባለ። ቻናል 7 ደብሊው ኤም ኤ ኤል ነበር፤ ዛሬ ደብሊው ጄ ኤል ኤ ነው። ቻናል 9ማ አራት ስም አፈራርቋል፦ በ1949 ደብሊው ኦ አይ ሲ፣ በ1950 ደብሊው ቲ ኦ ፒ፣ በ1978 ደብሊው ዲ ቪ ኤም፣ በ1986 ደብሊው ዩ ኤስ ኤ። ከአራቱ መጀመሪያ የተሰጠውን ስም ይዞ የቆየው 5 ብቻ ነው።

ብዙዎች ስም የሚቀየረው ጣቢያ ሲሸጥ ነው ብለው ያስባሉ። ቻናል 5 ግን ተሸጧል፤ ከመሥራቹ ከዱሞንት ኩባንያ ወደ ሜትሮሚዲያ ኩባንያ፣ በ1986 ደግሞ ወደ ፎክስ ሄዷል። ዋናው ጥያቄ ፊደላቱ ከምን ጋር ታስረዋል የሚለው ነው።

የቻናል 7ን ጉዳይ እንመልከት። በዚያ ዘመን በነበረው ደንብ፣ አንድ ዓይነት ፊደላት የሚጋሩ ራዲዮና ቴሌቪዥን ባለቤታቸው አንድ መሆን ነበረበት። በ1970ዎቹ አጋማሽ ጆ ኦልብሪተን ዋሽንግተን ስታር ጋዜጣን ከነጣቢያዎቹ ገዛ። ኤፍ ሲ ሲ በ1975 በአንድ ከተማ ጋዜጣንና የብሮድካስት ጣቢያን አንድ ላይ መያዝን የሚከለክል ደንብ ስላወጣ ንብረቱን መነጣጠል ግድ ሆነበት። በ1977 ራዲዮው ለኤ ቢ ሲ ተሸጠ፤ ስሙንም ይዞት ሄደ። ቴሌቪዥኑ ያለ ስም ቀረና የባለቤቱ የጆ ኤል ኦልብሪተን መነሻ ፊደላት ተሰጡት።

ቻናል 9ም ላይ የደረሰው ተመሳሳይ ነው። ዋሽንግተን ፖስት በ1978 ጣቢያውን ከዲትሮይት ጣቢያ ጋር ሲለዋወጥ ደብሊው ቲ ኦ ፒ የሚለው ስም ራዲዮው ዘንድ ቀረ። ዲሲ ውስጥ ታክሲ ወይም ኡበር የምትነዱ ይህን ራዲዮ በ103.5 ኤፍ ኤም፣ በየ10 ደቂቃው በሚያቀርበው የመንገድና የአየር ሁኔታ ዘገባ ታውቁታላችሁ። የቻናል 9 የቀድሞ ስም ማለት እሱ ነው።

ደብሊው ቲ ቲ ጂ ከእንዲህ ያለው መነጣጠል ነጻ ነበር፤ ስሙን የሚጋራው ራዲዮ አልነበረውም። ፊደላቱ የተወሰዱት ከቶማስ ቲ. ጎልድስሚዝ ስም ነው። ጎልድስሚዝ የዱሞንት ኩባንያ የምርምር ኃላፊ የነበረ መሐንዲስ ነው። ለአንድ መሐንዲስ የተሰጠ እንዲህ ያለ ክብር ይህን ያህል ዘመን መቆየቱ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ የኩባንያው ባለቤት የአለን ቢ. ዱሞንት ፊደላት እንኳ አልቆዩም። ኒውዮርክ የነበረው ደብሊው ኤ ቢ ዲ፣ ገዢዎቹ ደብሊው ኤን ኢ ደብሊው የሚባል ታዋቂ ራዲዮ ስለነበራቸው በ1958 የራዲዮውን ስም ወሰደ። የዱሞንት ሦስተኛ ጣቢያ፣ የፒትስበርጉ ደብሊው ዲ ቲ ቪ፣ በ1955 ኬ ዲ ኬ ኤ ሆነ።

የባለቤት ስም የሚቆየው ባለቤቱ ሲቆይ ነው። ክሊቭላንድ ውስጥ በታኅሣሥ 1947 የተከፈተው ደብሊው ኢ ደብሊው ኤስ የኢ. ደብሊው. ስክሪፕስን ፊደላት እስከ ዛሬ ይዟል፤ ስክሪፕስ ኩባንያም እስከ ዛሬ ባለቤቱ ነው። የሎስ አንጀለሱ ኬ ቲ ኤል ኤ ከጥር 1947፣ የኒውዮርኩ ደብሊው ፒ አይ ኤክስ ደግሞ ከሰኔ 1948 ጀምሮ ስማቸውን አልለወጡም።

(ስክሪን ላይ፦ 76–82 ሜጋኸርዝ ተሰርዞ 602–608 ሜጋኸርዝ)

በደብሊው ቲ ቲ ጂ የተቀየረው ፍሪኩዌንሲው ነው። አናሎግ በሰኔ 12 ቀን 2009 ሲዘጋ ጣቢያው ከቻናል 5 ወደ ቻናል 36 ተዛወረ። ቴሌቪዥናችሁ አሁንም 5 የሚለው ሲግናሉ ራሱ ያንን ቁጥር ይዞ ስለሚመጣ ነው። 7 እና 9 ግን ዛሬም የሚያሰራጩት ቪ ኤች ኤፍ በሚባለው፣ ከቻናል 2 እስከ 13 ባለው ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ነው። ጠፍጣፋ የቤት ውስጥ አንቴና ገዝታችሁ 5 ጥርት ብሎ ሲገባ 7 እና 9 ከተቆራረጡ፣ አንቴናው ዩ ኤች ኤፍ ለሚባለው፣ እንደ ቻናል 36 ላለው ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ብቻ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ሁለት ዘንግ ያለውን አንቴና ወስዳችሁ እያንዳንዱን ዘንግ 40 ሳንቲሜትር ገደማ ሳቡት፤ ግራና ቀኝ አግድም አጋድሙና ቻናሎቹን እንደገና ስካን አድርጉ።

የሌላ ከተማ ጣቢያ ስሙን ቀይሮ እንደሆነ ለማጣራት ኤፍ ሲ ሲ ድረ ገጽ ላይ ባለው የፈቃድ መፈለጊያ ፊደላቱን አስገቡ፤ «ፋሲሊቲ አይዲ» የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። ስም፣ ባለቤትም ሆነ ቻናል ቢቀየር ይህ ቁጥር ስለማይቀየር፣ ከዚያ በኋላ በቁጥሩ ፈልጉ። ለጥንቱ ዘመን ኮሚሽኑ ስካን ያደረጋቸው የጣቢያ ታሪክ ካርዶች አሉ።

ስትቆጥሩ መጨረሻው ላይ «ቲቪ» የሚለው መጨመሩን ወይም መቀነሱን እንደ ስም ለውጥ አትውሰዱት። መሃሉ ላይ ቁጥርና ኤክስ ያለበት ስም የሙከራ ፈቃድ ነው፤ ደብሊው ቲ ቲ ጂም በ1945 ለሙከራ ሲጀምር ደብሊው 3 ኤክስ ደብሊው ቲ ነበር። መቁጠር ያለባችሁ ከንግድ ፈቃዱ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ግን የተለቀቀ ስም በሌላ ጣቢያ መወሰዱን ነው። ደብሊው ጄ ዜድ እስከ 1953 የኒውዮርክ ቻናል 7 ነበር፤ ከ1957 ጀምሮ የባልቲሞር ቻናል 13 ነው። ደብሊው ዩ ኤስ ኤ ወደ ዋሽንግተን ከመምጣቱ በፊት ለአጭር ጊዜ የሚኒያፖሊስ ቻናል 11 ስም ነበር። ዲትሮይት ውስጥ ዛሬ ደብሊው ደብሊው ጄ የሚባለው ቴሌቪዥን ቻናል 62 ነው፤ በ1978 ከዋሽንግተን ፖስት ጋር የተለዋወጠው የዚያ ዘመኑ ደብሊው ደብሊው ጄ ግን ቻናል 4 ሲሆን፣ አሁን ደብሊው ዲ አይ ቪ ይባላል።