ኮድ በወረቀት

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለንም፤ ብቻዬን ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት ፕሮግራሚንግ ስማር ስለገጠመኝ አንድ ነገር ላወራችሁ ነው።

መምህራችን ኮድ በወረቀት ያሠሩን ነበር። ኮምፒውተሩ ፊት ለፊታችን ተቀምጦ፣ እኛ እርሳስ ይዘን። በጣም ያናድደኝ ነበር። ጽፎ ማስነሳት እየተቻለ ወረቀት ምን ያደርጋል እል ነበር።

አንድ ቀን ከ1 እስከ 10 ያሉትን ቁጥሮች የሚደምር ፕሮግራም ፓይተን በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ጻፍኩ። አራት መስመር ናት። መልሱ 55 መሆን አለበት። ኮምፒውተሩ ግን 45 አለኝ። ቀይ ጽሑፍ የለ፣ የስህተት መልእክት የለ፤ ዝም ብሎ 45። አንዱን ነካሁ፣ ሌላውን ቀየርኩ፣ ደግሜ አስነሳሁ። ግማሽ ሰዓት ሄደ።

መምህሩ መጡና ስክሪኑን አጠፉት። «ሰንጠረዥ ሥራ» አሉኝ። በአንዱ ዓምድ ቁጥሩን፣ በሌላው ድምሩን። ዙር በዙር መጻፍ ጀመርኩ። 1 ላይ ድምሩ 1። 2 ላይ 3። 3 ላይ 6። እንዲህ እያልኩ 9 ላይ ስደርስ ድምሩ 45 ሆነ። እጄ ቆመ። ኮምፒውተሩ የሰጠኝ መልስ ይኸው! ለካ 10ኛው ዙር አልተሠራም። ኮዱን ሳየው ሬንጅ ውስጥ፣ ማለትም ቁጥሮቹ ከየት እስከ የት እንደሚሄዱ በሚነገርበት ትዕዛዝ ውስጥ፣ 1 እና 10 ብያለሁ። ፓይተን ደግሞ ሁለተኛው ቁጥር ጋ ሳይደርስ ነው የሚያቆመው። 11 ማለት ነበረብኝ።

ያን ግማሽ ሰዓት ኮዱን ሃያ ጊዜ አይቼዋለሁ። ግን የማየው በሐሳቤ ያለውን ነበር። መስመሩ ላይ የተጻፈውን ያነበብኩት እርሳስ ስይዝ ነው።

ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ወደድኩት። ባይነሪ ሰርች የሚባለው የፍለጋ ዘዴ የገባኝም በሱ ነው። በፊደል ተራ ከተደረደሩ 1,000 ስሞች አንዱን ትፈልጋለህ እንበል። መሃሉን ታያለህ፣ የማይሆነውን ግማሽ ትጥላለህ። 1,000፣ 500፣ 250፣ 125፣ 62፣ 31፣ 15፣ 7፣ 3፣ 1። ቢበዛ አሥር ጊዜ ብታይ ስሙን ታገኛለህ፣ ወይም እንደሌለ ታውቃለህ። ስሞቹ 1 ሚሊዮን ቢሆኑስ? 20 ጊዜ ይበቃል። ይህን በእርሳስ ስቆርጥ የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

አሁን ኤአይ ኮድ ይጽፍልናል። እኔም እጠቀምበታለሁ። ጀማሪ ተማሪ ግን ቢያንስ ሉፕን፣ ማለትም ዙር በዙር የሚደጋገመውን ኮድ፣ በእጁ ተከትሎ ይጨርስ ባይ ነኝ። ሌላ የጻፈውን ኮድ ማንበብ ራስ ከጻፉት ይከብዳል።

በሚቀጥለው ክፍል ስለ ቁጥሮች እናወራለን። ፓይተን ላይ 0.1 እና 0.2ን ደምሩ፤ 0.30000000000000004 ይላችኋል። ምክንያቱን ከመንገሬ በፊት 0.1ን በወረቀት ወደ ባይነሪ፣ ማለትም በ0 እና በ1 ብቻ ወደሚጻፍ ቁጥር፣ ቀይሩትና የት ላይ መደጋገም እንደሚጀምር እዩ። በቃ፣ ቻው።