ዘይቱ ሲንጣጣ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። ዛሬ ስለ ጎረቤቴ ላጫውታችሁ። እዚህ እንግሊዝ አገር የእስር ቤት ጠባቂ ሆና የምትሠራ የአገሬ ልጅ ናት። ቅዳሜ ዕለት ቡና ጠርታኝ ሄድኩ። የምትቀመጠው ሁልጊዜ ጀርባዋን ለግድግዳ፣ ፊቷን ለበሩ ሰጥታ ነው። ከወንበሯ በተነሳች ቁጥር እጇ ወገቧን ይዳብሳል፤ ቁልፉን ፍለጋ። ቁልፉን ግን ከፈረቃ ስትወጣ አስረክባለች።

ልጇ ድንች ሊጠብስ ዘይት ጣደ። መንጣጣት ሲጀምር ብድግ ብላ ምድጃውን አጠፋችው። አልጠየቅኋትም፤ ገብቶኛል።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 12 ቀን 2025 ደርሃም አጠገብ ባለው ፍራንክላንድ እስር ቤት ሦስት ጠባቂዎች የጋለ የምግብ ዘይት ተደፍቶባቸው፣ በእጅ በተሠራ ስለት ተወግተዋል። ያውም አደገኛ የተባሉ እስረኞች ለብቻቸው በሚያዙበት ክፍል! እስረኞቹ ራሳቸው የሚያበስሉበት ወጥ ቤት የተዘጋው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት መንግሥት እስከ 10,000 ለሚደርሱ ሠራተኞች ስለት የማይበሳው ሰደርያ እንደሚያቀርብ አስታወቀ። ደግ አደረገ፤ ዘግይቷል እንጂ። ነገር ግን ሰደርያ ፊትን ከዘይት አያድንም።

በ2024 በእንግሊዝና በዌልስ እስር ቤቶች ከ10,000 በላይ ጥቃቶች በሠራተኞች ላይ ተፈጽመዋል። «ፈልገው የገቡበት ሥራ ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። ደመወዝ የሚከፈላቸው በር ለመክፈትና ለመዝጋት፣ የተጣላ ለመገላገል፣ ራሱን ሊያጠፋ ያሰበውን ለማትረፍ ነው። ለመወጋት የተቀጠረ ሰው የለም።

ጎረቤቴ ሥራውን ያስተማራት አንድ አንጋፋ ጠባቂ ነበር። ምሳውን ሁለት ቀን ሳይወስድ የቀረ፣ ቤተሰቡ ጋር መደወል ያቆመ እስረኛ ካየ ዝም ብሎ አያልፍም ነበር፤ ሄዶ አጠገቡ ይቆማል፣ ያናግረዋል። ብዙ ጠብ ሳይነሳ የበረደው እንዲህ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2010 በኋላ በነበሩት ዓመታት ግን ወጪ ለመቀነስ ተብሎ ከጠባቂዎቹ ሩብ ያህሉ ተቀነሱ። ያን ሁሉ የሚያውቁት ሄዱ። በኋላ ቅጥሩ ሲቀጥል የ18 ዓመት ወጣት ጥቂት ሳምንታት ሠልጥኖ ቁልፍ ይረከባል። ማን ያሳየው?

ሁለተኛውን ቡና እየቀዳችልኝ፣ «ሰደርያው ደረሰሽ?» አልኳት።

«ሰደርያውስ ይቆየኝ፣ ወንድሜ» አለችኝ። «ትናንት ዞኑ ላይ ሦስት መሆን ነበረብን። አንዱ ታመመ፣ ሌላዋን ሆስፒታል እስረኛ እንድታጅብ ላኳት። እስከ ማታ ብቻዬን ነበርኩ።»