ብርዱን አትንፈጉት

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላትና እንግዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። በዚህ ብርድ እንጦጦን ተሻግራችሁ ሱሉልታ ድረስ ስለመጣችሁ እናመሰግናለን። ግቢያቸውን ለከፈቱልን እናታችንም እግዜር ይስጥልን።

የሥራና የሒሳብ ሪፖርቱን ጸሐፊያችን ያቀርባሉ። እኔ ጠረጴዛው ላይ ስላለው ኦርኪድ ላውራ።

ይህ ተክል የባሕር ዛፍ አገር ልጅ ነው። በምሥራቅ አውስትራሊያ ዐለት ላይ ይበቅላል። ሥሩን ስንጥቅ ውስጥ ሰዶ በቅጠል ብስባሽና በዝናብ ይኖራል። ሳይንሳዊ ስሙ ዴንድሮቢየም ኪንጊያነም ነው። ስሙን ያወጣለት የዕፅዋት አጥኚው ጆን ቢድዊል ሲሆን፣ በ1844 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ያሳወቀው እንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ ጆን ሊንድሊ ነው። «ኪንጊያነም» በሚለው ውስጥ «ኪንግ» የተባለው ፊሊፕ ፓርከር ኪንግ የሚባል የባሕር ኃይል መኮንን ነው።

በዚያ ዘመን አውሮፓውያን ኦርኪድ ሁሉ ሙቀት የሚወድ ይመስላቸው ነበር። በሚያፍን የመስታወት ቤት ውስጥ ያስቀምጡታል፣ ብዙው ይሞታል፣ እንደገና ከዱር ይነቀላል። እኔም ከዚያ ብዙ አልራቅሁም። ኅዳር ሲገባ የእኔን ኦርኪድ ሳሎን አስገባሁት። በየቀኑ አጠጣሁት። ሦስት ዓመት አንድ አበባ አላየሁም። ግንዱ ጫፍ ላይ ግን ሥር ያላቸው ትንንሽ ልጆች ያወጣ ነበር።

መልሱን የነገሩኝ እኚሁ የግቢው ባለቤት ናቸው። «ውጪ ተወው፣ በበጋ ውሃውን ቀንስለት» አሉኝ። እውነትም ይህ ኦርኪድ የሚያብበው ቀዝቃዛና ደረቅ ወራት ካሳለፈ በኋላ ነው። የእኛ የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ለዚህ የተሠራ ነው! የካቲት ላይ ሐምራዊ አበባው ሲፈካ ጎረቤት ሁሉ ጠርቼ አሳየሁ።

አሁን አንድ ነገር አጥብቄ ልለምናችሁ። የኦርኪድ ዘር እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ ስንቅ የለውም። በዱር የሚበቅለው ፈንገስ ሲያግዘው ነው። በ1922 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሉዊስ ክኑድሰን ስኳር ባለው ማብቀያ ላይ ያለ ፈንገስ እንደሚበቅል አሳየ። ከዚያ ወዲህ ከዱር መንቀል ምንም ምክንያት የለውም። በአገራችን ከ160 በላይ የኦርኪድ ዝርያዎች አሉ። «ከጫካ ነቅዬ አመጣሁ» የሚል ሻጭ ከገጠማችሁ፣ እባካችሁ አትግዙ። ገዢ ካለ ነገም ይነቅላል።

የእኔ ኦርኪድ ያወጣቸውን ልጆች ለይቼ ይዤ መጥቻለሁ። ስትሄዱ አንድ አንድ ውሰዱ። አፈር ውስጥ እንዳትተክሉት፣ ይበሰብሳል። ከሰል ስብርባሪና ቀይ አሽ ይበቃዋል። ቀይ አሹ በሩ ጋ በጆንያ አለላችሁ።