ሊፈርስ ያለን ሰፈር ፎቶ ማንሳት፦ የጅማ አድማጮች ጥያቄና የባለሙያው መልስ

ጥያቄ (ከሂርማታ)፦ በመንገድ ሥራው ምክንያት የእኛ ሰፈር ሊነሳ ነው። ለማስታወሻ ፎቶ ማንሳት እፈልጋለሁ፤ ያለኝ ግን ስልክ ብቻ ነው። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ስልኩ ይበቃል። ብዙ ሰው ካሜራ የሚያወጣው ኤክስካቫተሩ ሲመጣ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ዋናው ነገር ሄዷል። እባክዎ ዛሬውኑ ይጀምሩ፤ ቡናው ተፈልቶ ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ፣ አናጺው በደጁ በርጩማ እየጠረበ ሳለ። መንገዱን ከሁለቱም ጫፍ፣ ከዚያ እያንዳንዱን በር፣ ከዚያም ሰዎቹን በሥራቸው ላይ ያንሱ። መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም የአዌቱ ድልድይ፣ ማለትም የማይፈርስ ነገር፣ በፎቶው ጥግ ይግባ። ከዓመት በኋላ ያንኑ ቦታ የሚያገኙት በእሱ ነው።

ከሁሉ በላይ ስም ይመዝግቡ። ስኮትላንዳዊው ፎቶግራፍ አንሺ ቶማስ አናን እ.ኤ.አ. ከ1868 እስከ 1871 በግላስጎ ሊፈርሱ የተወሰነባቸውን የድሆች መኖሪያዎች አንስቷል። ድንቅ ሥራ ነው። ርእሶቹ ግን የመተላለፊያው ቁጥርና የመንገዱ ስም ብቻ ናቸው፤ ከጠባቡ መተላለፊያ ቆመው የሚያዩን ሴቶችና ልጆች ማን እንደነበሩ አይነግሩንም። ካሜራው ረጅም ጊዜ ይፈልግ ስለነበር የተንቀሳቀሰውም ሰው ደብዝዞ ቀርቷል። ይህ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። እርስዎ ደብተር ይያዙ፦ ፈቃደኛ ከሆኑ ስማቸውን፣ ሥራቸውን፣ በቤቱ ስንት ዓመት እንደኖሩ፣ ጎረቤታቸው ማን እንደሆነና ቀኑን ይጻፉ።

ጥያቄ (ከመንቲና)፦ የሰዎችን ፎቶ ሳላስፈቅድ ፌስቡክ ላይ ብለጥፍ ያስጠይቀኛል?

መልስ፦ ሊያስጠይቅዎ ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 በአደባባይ ለተፈጸሙ ጉዳዮች፣ እንዲሁም ለሳይንስ፣ ለባህልና ለትምህርት ጥቅም ሲባል ፈቃድ የማያስፈልግበትን ሁኔታ ያስቀምጣል። አንዳንድ አንሺዎች በዚህ ይመካሉ፤ እኔ አልስማማም። ዕቃዋን ደጅ አውጥታ የምታለቅስ እናት መንገድ ላይ የወጣችው በምርጫዋ አይደለም። ሰላም ይበሉ፣ ይጠይቁ፤ በአፋን ኦሮሞ መጠየቅ ከቻሉ ደግሞ ብዙ በር ይከፈትልዎታል። እምቢ ካሉ ካሜራውን ይመልሱ።

ጥያቄ (ከአጂፕ)፦ ቆርቆሮው ሲያንጸባርቅ የሰው ፊት ይጠቁርብኛል።

መልስ፦ ስክሪኑ ላይ ፊቱን በጣትዎ ይንኩ፤ ስልኩ ብርሃኑን በዚያ ይለካል። ማለዳና ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይመረጣል፤ የክረምት ደመናም ለፊት መልካም ብርሃን ነው። ፎቶውን ለባለቤቶቹ በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፋይል ይላኩት፤ እንደ ተራ ፎቶ ከሄደ ጥራቱ ይቀንሳል፣ በኋላ በትልቁ ለማሳተምም ያስቸግራል።