የቅሬው መዝገብና የሰፈሩ ቦይ

(ምስል፦ ደሴ፣ ሰኔ። ከጦሳ ተራራ ላይ ደመና ይወርዳል። የቆርቆሮ ጣሪያ ድምፅ።)

ይሄን ድምፅ የደሴ ልጅ ያውቀዋል። መጀመሪያ ጠብ ጠብ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ቤት ውስጥ መደማመጥ ያቅታል። እናት ከጓዳ «ልብሱን አስገቡ!» ትላለች፤ የሚሰማት የለም። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የሰፈሩ መንገድ ወንዝ ሆኖ ቁጭ ይላል።

የዛሬው ቪዲዮ ስለዚያ ውሃ ነው። ከየት እንደሚመጣ፣ የት እንደሚሄድ፣ በመሃል ማን እንደሚይዘው። «ዘላቂ ከተማ» ሲባል እኔ ብዙ ጊዜ የሚታየኝ አዳራሽ፣ ባነርና የታሸገ ውሃ ነው። ዛሬ ግን ስለ ቦይ ነው የማወራው። አካፋ ይዞ ቦይ ውስጥ ስለሚገባ ሰው።

(ምስል፦ ከተማዋ ከላይ ስትታይ። ከጦሳ እስከ ቦርከና ወንዝ ቀስት ይሳላል።)

ደሴ ጦሳ ግርጌ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ ከእኛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ብትርቅም ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ የወረደ ሰው ጆሮው ይነግረዋል። ቦርከና ከኩታበር አካባቢ ይነሳል፤ የደሴን ውሃ ይቀበላል፤ ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ከሚሴ ይወርዳል፤ በመጨረሻም አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም። አፋር ምድር ውስጥ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ስለዚህ ከደሴ ቦይ የወጣ ፌስታል «ሄደ» አይባልም። ሌላ ሰው ደጅ ነው የሚያርፈው።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አትሽሹ፣ ቀላል ነው።

(ምስል፦ አንድ የቆርቆሮ ቤት። ከጎኑ ጄሪካኖች አንድ በአንድ ይደረደራሉ።)

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ቤትህ 60 ካሬ ጣሪያ አለው እንበል። ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ዘነበ። ለሐምሌ ይሄ ብርቅ አይደለም። ከጣሪያህ 1,800 ሊትር ወረደ ማለት ነው። በባለ 20 ሊትር ጄሪካን 90 ጄሪካን! ከአንድ ቤት፣ በአንድ ዝናብ። ጥር ላይ ውሃ በፈረቃ ሲሆን ለሁለት ጄሪካን የምንሰለፈው እኛው ነን።

መንደሩ ውስጥ 50 ቤት ካለ 90,000 ሊትር አንዲት ጠባብ ቦይ ውስጥ ሊገባ ይጋፋል። ቆርቆሮ ውሃ አይጠጣም። ሲሚንቶ የፈሰሰበት ግቢም አይጠጣም። ድሮ ጓሮው፣ ጎመኑና የሣሩ ሜዳ የሚውጡት ውሃ ዛሬ በሙሉ መንገድ ላይ ነው።

«በርሜል ብናስቀምጥስ?» የሚል አይጠፋም። አስቀምጡ፣ ለልብስ ማጠቢያ ግሩም ነው። ግን እውነቱን እንነጋገር። ባለ 200 ሊትር በርሜል ገና 3 ሚሊ ሜትር ተኩል ሳይዘንብ ጢም ይላል። ቀሪው 1,600 ሊትር ያው ወደ ቦዩ ነው። በርሜል ጥማት ያስታግሳል እንጂ ጎርፍ አያቆምም።

(ምስል፦ በደለል የተሞላ ቦይ፣ ከቅርብ።)

ቦዩን በቅርብ እንየው። ከላይ ፌስታል አለ። ከሥሩ ገረባ፤ ከቅሞ ማግስት ፍየል ያላገኘው የጫት ተረፈ። ከዚያ አመድ፣ የቡና አተላ፣ የሽንኩርት ልጣጭ። ከሁሉም ሥር ቀይ ደለል፣ ከተራራው የመጣ አፈር። ደለሉ ብቻውን ቢሆን ውሃው ገፍቶ ይወስደው ነበር። ገረባው ብቻውን ቢሆን ይበሰብስ ነበር። ፌስታሉ ሁለቱን ጠቅልሎ ሲይዛቸው ነው ቡሽ የሚሆነው። በነገራችን ላይ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስስ ፌስታል በሕግ የተከለከለው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ አዋጅ ቁጥር 513። ቦዩ ውስጥ ያለውን ግን ማንም አዋጅ አላነበበለትም።

ታዲያ ይሄን ማን ያጸዳዋል? ማዘጋጃ ቤት የሚል መልስ አለ፤ ትክክልም ነው። ዋናው ቱቦና ዋናው መንገድ የእሱ ነው። ግን በየጉራንጉሩ ያለው ቦይ፣ የሁለት ክንድ ስፋት የሌለው፣ መኪና የማይገባበት፣ የሰፈሩ ነው። ሰፈር ደግሞ ወሎ ውስጥ ስም አለው፦ ቅሬ።

(ምስል፦ የቅሬ ድንኳን፣ የተደራረበ ወንበር፣ ትልልቅ ብረት ድስት።)

ለሌላ አገር ተመልካች፣ ቅሬ ማለት እናንተ እድር የምትሉት ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፤ ለቀስተኛ ያስተናግዳል፤ ሬሳ ያወጣል። በእኛ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ መዝገብ ላይ ነው። ሀጂ ሲሞቱ መቃብር ከሚቆፍሩት መሃል የሰንበቴው ሰው አለ። እትዬ ሲሞቱ ቃሬዛውን ከሚሸከሙት መሃል ከመስጊድ የመጣ አለ። ይሄን ለቱሪስት ብሎ የሚያደርገው ሰው የለም። እንዲያው ኑሮ ነው።

ቅሬን ለቦይ ሥራ የሚያስመቸው ግን ፍቅሩ ብቻ አይደለም። «ድር ቢያብር» የሚለውን ተረት የምትጠብቁ ካላችሁ አልጠራውም። ነገሩን የሚያስኬዱት ሦስት ደረቅ ዕቃዎች ናቸው። መዝገብ፣ ጥሪና መቀጫ።

መዝገቡ ማን እንዳለ ያውቃል። ማዘጋጃ ቤት እንኳ እንደዚህ አያውቅም። ጥሪው በአንድ ጠዋት ሁሉንም ቤት ያዳርሳል። መቀጫው ደግሞ የቀረውን ሰው ኪስ ይነካል። ብሩ ትንሽ ነው። ስም ሲጠራ ዝም ማለቱ ነው የሚከብደው።

(ምስል፦ እሑድ ጠዋት። ሰዎች አካፋና ዶማ ይዘው ቆመዋል። ጸሐፊው ስም ይጠራል።)

ባለፈው ዓመት ግንቦት መጨረሻ ላይ ነበርኩ። ጸሐፊው ስም ሲጠራ አንዱ ጎረቤታችን የለም። ልጁ እጁን አወጣ።

«አባባ ልከውኝ ነው።»

«ስንት ዓመትህ ነው?»

«አሥር።»

ጸሐፊው አካፋውን አየ፤ ልጁን አየ። «አካፋው ይበልጥሃል፣ የኔ ልጅ። ሂድና አባትህን ጥራ።» ሁሉም ሳቀ። አባትየው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ በነጠላ ጫማ እየሮጠ መጣ።

በዚያ ጠዋት ቦዩን አጽድተን ጨረስን። ማሻአላህ፣ ታችኛው ወለሉ ታየ። ቡና ተፈላ። ከዚያ የሠራነው ስህተት ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ያወጣነውን ጭቃ በሙሉ የቦዩ ከንፈር ላይ ቆለልነው። ነገ መኪና መጥቶ ይወስደዋል ተባለ። መኪናው አልመጣም። ማክሰኞ ማታ ዘነበ። ረቡዕ ጠዋት ጭቃው በሙሉ ቦዩ ውስጥ ተመልሶ ነበር፤ እንዲያውም በዶማ ስለፈጨነው ከድሮው የባሰ ደፍኖታል። ያንኑ ቦይ ሁለት ጊዜ ቆፈርነው።

ዘንድሮ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። መጀመሪያ መኪናው ይረጋገጣል፤ ካልተገኘ ቅሬው ራሱ ጋሪ ይከራያል። ከዚያ ነው ጥሪ የሚደረገው። ጥርጊያውም ግንቦት መጨረሻ ሳይሆን መጋቢት ላይ ሆነ፣ የበልግ ዝናብ ሳይጠነክር። ገረባውና የጓዳ ትራፊው ለብቻው ጉድጓድ ተቆፈረለት፤ እየበሰበሰ ነው፣ ሴቶቹ ለጓሮ ጎመን ይወስዱታል። ፌስታሉ በጆንያ ይታሰራል።

እዚህ ላይ አንድ የቅሬ ጉድለት ልናገር። ተከራይ መዝገቡ ላይ የለም። ግቢ ውስጥ አራት ክፍል ተከራይቷል፤ አባል የሆነው ባለቤቱ ብቻ ነው። ቆሻሻ የሚያወጣው አምስት ቤተሰብ፣ ስሙ የሚጠራው አንድ ሰው። ተከራዩን ጠይቁት፤ «ነገ ለምለቀው ቤት?» ይላል። አልፈርድበትም። ለእኔ የሚታየኝ መላ ለቀብሩ ሳይሆን ለጽዳቱ ብቻ የሚመዘገብበት ቀለል ያለ ገጽ መክፈት ነው። ሽማግሌዎቹ ገና እያሰቡበት ናቸው። ቅሬ ቶሎ አይቸኩልም።

(ምስል፦ ከሰፈሩ በላይ ያለው ቁልቁለት። የተሰነጠቀ ቦረቦር።)

አሁን ወደ ላይ እንውጣ። ቀይ ደለሉ ከዚህ ነው የሚመጣው። ይሄ ስንጥቅ ቦረቦር ይባላል። መጀመሪያ የከብት መሄጃ ነበር። ውሃ መንገድ አገኘና በየዓመቱ ጠለቀ።

ወሎ አፈር መታጠብን ከማንም በላይ ያውቃል። ከደሴ በስተደቡብ አልብኮ ውስጥ ማይባር የሚባል ቦታ አለ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1981 የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ፣ ከዝናብ ጋር ስንት አፈር እንደሚሄድ በመለኪያ መመዝገብ ተጀመረ። ገጠሩም በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ በነቂስ ወጥቶ እርከን ይሠራል። ከተማው ግን ተራራውን እንደ ሥዕል ነው የሚያየው፤ ፎቶ ይነሳበታል።

ቦረቦር የሚታከመው በክትር ነው። ክትር ማለት ውሃው መንገድ ላይ አግድም የሚደረደር ድንጋይ ነው። ቀላል ይመስላል፣ ግን ሁለት ነገር ከተሳተ በአንድ ሌሊት ይጠረጋል።

(ምስል፦ የክትር ሥዕል። መሃሉ ጎድጎድ ያለ።)

አንደኛ፣ መሃሉ ከጎንና ከጎኑ ዝቅ ማለት አለበት። መሃሉ ከፍ ካለ ውሃው በዳር ይዞርና ዳሩን ይበላል፤ ክትሩ ደሴት ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ርቀቱ። የታችኛው ክትር ጫፍ ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል መሆን አለበት። እንደ ደረጃ አስቡት። ያኔ ውሃው ከአንዱ ወደ አንዱ ሲወርድ ጉልበቱ ይሰበራል፤ አፈሩን ጥሎ ያልፋል። ከኋላው ደለል ሲሞላ ቬቲቨር ወይም የዝሆን ሣር ይተከላል፤ ሥሩ ድንጋዩን ያስራል።

ሰዎች «ባሕር ዛፉ ይነቀል» ይላሉ። እውነት ነው፣ ከሥሩ ሣር እምብዛም አይበቅልም፤ ራቁት መሬት ደግሞ ይታጠባል። ግን የብዙዎቻችን ቤት ቋሚና ማገር እሱ ነው። የእንጀራችንም ማገዶ እሱ ነበር። መስደብ ቀላል ነው። ቁልቁል በሆነው ቦታ ላይ ወይራና ጽድ ይተከል፣ ባሕር ዛፉ ወደ ጠፍጣፋው ይውረድ ብንል ያስማማናል።

ዋናው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ተራራው ላይ ያለው ገበሬ ለታችኛው ሰፈር ብሎ ለምን ድንጋይ ይሸከማል? ጎርፉ የሚገባው እሱ ቤት አይደለም። ለምን ከብቱን ይከለክላል? እንደ እኔ «ለአካባቢ ጥበቃ» የሚለው ቃል እዚህ አይሠራም። የሚሠራው ሣሩ ነው። ከብት ካልገባ ሣሩ ይረዝማል፤ ታጭዶ ይወሰዳል፣ ይሸጣልም። ታችኛው ሰፈር ጉልበቱን ያዋጣል፤ ላይኛው ሣሩን ይይዛል። እንዲህ ያለ ውል በሽማግሌ ፊት ይታሰራል። ያፈረሰም የሚጠየቀው እዚያው ነው።

(ምስል፦ ቦርከና። ዳር ዳሩን የአትክልት ማሳ።)

ወደ ታች ደግሞ ኮምቦልቻ አለች። እሷ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ የፋብሪካ ፍሳሽ በአካፋና በቅሬ መቀጫ አይያዝም፣ ሕግና ቁጥጥር ነው የሚይዘው። ያንን ለሌላ ቀን። ግን ቦርከና ዳር በወንዙ ውሃ ቲማቲምና ጎመን የሚያለሙ ሰዎች አሉ። ከቆላው የሚወጣ አትክልት ደሴ ገበያም ይመጣል። ሰኞ ገበያ ቆማችሁ ቲማቲም ስትመርጡ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ባለፈው ክረምት ቦይ ውስጥ የጣላችሁትን አስታውሱና ተከራከሩ፤ ዋጋ ይቀንሱላችሁ እንደሆነ።

(ምስል፦ መንገድ የሚያቋርጥ ቱቦ። ከላዩ አንድ ሰፈር፣ ከታቹ ሌላ።)

አንድ ቦታ ላሳያችሁና እንለያይ። ይሄ ቱቦ የሁለት ቅሬ ድንበር ነው። ከመንገዱ በላይ የእኛ፣ ከመንገዱ በታች የእነሱ። ቱቦው መሃል ላይ ነው። ለዓመታት የማንም አልነበረም። እኛ አፉ ድረስ ጠርገን እናቆማለን። እነሱም ከታች ጠርገው እዚሁ ያቆማሉ። መሃሉ ይደፈናል። ክረምት ሲመጣ ውሃው በመንገዱ ላይ ይሻገርና እዚያ ጥግ ቤት ያላቸው እትዬ ሳሎን ይገባል።

ሰብሳቢያችን አንድ ጊዜ «እትዬ፣ ደጅዎ ያለውን ትንሽ ቢያስጠርጉ» ብለዋቸው ነበር።

«ቆሻሻው የኔ ነው እንዴ? ከላይ ከእናንተ ነው የሚመጣው! እኔ የአርባ ቤት ቆሻሻ ልጥረግ?»

መልስ አልነበረንም። ውሃ የቅሬ ድንበር አያውቅም፤ መዝገቡ ግን ድንበር አለው። በመጨረሻ የሁለቱ ቅሬ ሰብሳቢዎች እዚያው እትዬ ቤት ተቀመጡ። ሦስተኛው ቡና ላይ ተስማሙ። በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ሁለቱም ይወጣሉ። እኛ ከላይኛው አፍ፣ እነሱ ከታችኛው። መቀጫው እኩል ነው።

(ምስል፦ እሑድ ጠዋት። ወጣት ቱቦው አፍ ላይ ተንበርክኮ በረጅም እንጨት ይጎረጉራል።)

መጋቢት ላይ የመጀመሪያው ቀን ነበር። እኔ ላይኛው አፍ ጋ ቆሜ ነበር። ልጁ ጭንቅላቱን ቱቦው ውስጥ አስገብቶ ይጎረጉራል። ሁለት ጆንያ ፌስታል ወጣ። አንድ ጎማ ወጣ። አንድ እግር ያጣ የሕፃን ጫማ ወጣ። ከዚያ ልጁ እጁን አነሳና «ዝም በሉ» አለ።

ዝም አልን። ከቱቦው ማዶ የሌላ አካፋ ድምፅ ይሰማል።